ከስድስት ኪሎ እስከ ሥልጣን ደጃፍ፦ የ1960ዎቹ ተማሪ እንዴት ፖለቲከኛ ሆነ?

“ያ ትውልድ” የሚለው ሐረግ ፖለቲካ በተነሣበት ሁሉ ይነሣል። አንዱ በአክብሮት ይጠራዋል፣ ሌላው የአገሪቱን መከራ ሁሉ ያሸክመዋል። ክርክሩ ሲጦፍ ግን ዋናው ጥያቄ ይረሳል፦ በተማሪ ማኅበር ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይናገር የነበረ ወጣት፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ የፓርቲ መሪ የሆነው በየት በኩል አልፎ ነው? በዚህ ጽሑፍ መንገዱን ደረጃ በደረጃ እንከተላለን። በተለይ የኃይሌ ፊዳንና የብርሃነ መስቀል ረዳን ሕይወት እያነጻጸርን እንሄዳለን። ሁለቱ ከአንድ እንቅስቃሴ ወጥተው በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሄደዋል፤ መጨረሻቸው ግን አንድ ሆኗል።

ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የተማሪ ማኅበር ለምን የፖለቲካ መድረክ ሆነ?

ሌላ መድረክ ስላልነበረ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫን ቢፈቅድም፣ ተወዳዳሪው በግሉ እንጂ በድርጅት ስም አይቀርብም፤ በምርጫ ክልሉም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የገበሬ ልጅ የሆነ ተመራቂ በዚህ በር አይገባም። ጋዜጣውና ሬዲዮው የመንግሥት ነበሩ።

ተማሪው ግን ሌላው ዜጋ ያላገኘው ነገር ነበረው። በ1943 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በኋላም በ1954 የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶችን በአንድ ግቢ አሰባስቦ ያስተዳድር ነበር። ተማሪዎቹ የሚመርጡት ማኅበር፣ የሚያዋጡት ገንዘብ፣ የሚያሳትሙት ጋዜጣ፣ የሚከራከሩበት አዳራሽ ነበራቸው። ዛሬ ለአራት ተቋማት የምናካፍለውን ሥራ፣ ማለትም የፓርቲን፣ የፕሬስን፣ የምክር ቤትንና የሙያ ማኅበርን፣ አንድ የተማሪ ማኅበር ጠቅልሎ ያዘው። አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ጎጆ እንደማለት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል።

መነሻው በታኅሣሥ 1953 የመንግሥቱ ንዋይና የገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ ግን “መንግሥት ሊለወጥ ይችላል” የሚለው ሐሳብ ግቢው ውስጥ ቀረ። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎችም ስለ ነፃነት ትግልና ስለ ፓርቲ የሚያወሩትን ይዘው መጡ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ ጭሰኛ የሚባለውን ሰው ኑሮ በዓይኑ ያየው በዚህ አገልግሎት ነው።

አንድ ተማሪ ወደ መሪነት የሚወጣው በምን ነበር?

በሦስት ነገር፦ በንግግር፣ በጽሑፍና በሰልፍ።

ሰልፉን እንውሰድ። በየካቲት 1957 ምክር ቤቱ የመሬት ባለቤትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ሲያይ፣ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ይህ ሰልፍ ትልቅ ለውጥ የሆነው ከድምፁ ጉልበት ይልቅ በይዘቱ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪ የሚጮኸው በአብዛኛው ስለ ራሱ ነበር፤ ስለ ምግብ፣ ስለ አዳር፣ ስለ ማኅበሩ መብት። አሁን ስለሌላ ሰው ጥያቄ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት በሾላ ስለተሰበሰቡት ለማኞች አያያዝ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ የተማሪ መሪ የሚመዘነው ለግቢው ባመጣው ጥቅም ሳይሆን ለአገሪቱ ባለው አቋም ሆነ።

ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነበር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጥላሁን ግዛው ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ለመኮንን ቢሻው ተሸንፎ ያውቃል። በኅዳር 1962 እንደገና ተወዳድሮ አሸነፈ። ተሸናፊ ሽንፈቱን ተቀብሎ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መምጣት የሚችልበት ቦታ በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ጥላሁን የድሃ ልጅም አልነበረም፤ እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበሩ።

በዚያው ኅዳር ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ “ስትራግል” በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ጥላሁን በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ተኮሰ። ከዚህ በኋላ ብዙዎች በግልጽ መታገል አይቻልም ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው የሚገባ ነው፤ ያስከፈለው ዋጋ ግን እየቆየ የሚታይ ሆነ።

ከአገር ሲወጣስ ምን ይሆናል?

ኃይሌ ፊዳ የወለጋ አርጆ ልጅ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ፈረንሳይ ሄደ፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ጎልተው ከወጡት አንዱ ሆነ። ከፖለቲካው ጎን ለጎን በኦሮምኛ ሰዋስው ላይ ሠርቷል፣ ቋንቋው በላቲን ፊደል እንዲጻፍም ቀድመው ከደከሙት ነው። በነሐሴ 1960 በሐምቡርግ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን፣ መኢሶንን፣ በምስጢር ሲመሠርቱ እሱ ከመሪዎቹ ነበር።

ብርሃነ መስቀል ረዳ የአገር ቤቱ እንቅስቃሴ ሰው ነው። በነሐሴ 1961 ከጓዶቹ ጋር ከባሕር ዳር የተነሣ አውሮፕላን ጠልፎ ካርቱም ገባ፤ ከዚያ ወደ አልጀርስ አለፈ። በሚያዝያ 1964 በምዕራብ በርሊን በተደረገ ጉባኤ የተቋቋመው ድርጅት ዋና ጸሐፊ አደረገው። ያ ድርጅት በኋላ ኢሕአፓ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ የተባለው ነው።

በውጭ አገር የነበሩት ማኅበራት አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት ነበራቸው። ጥቅሙ ማንበብ፣ መጻፍና በነፃነት መከራከር መቻሉ ነው። ጉዳቱ ግን፣ ክርክሩ የሚፈተንበት ሕዝብ በአጠገብ አለመኖሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሐሳቡ የተሳሳተ ሰው ሰልፉ ላይ ሰው ያጣል። በርሊን ወይም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግን የሐሳብ ስህተት የሚታረመው በሌላ ሐሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቃቅን የንድፈ ሐሳብ ልዩነት የመለያያ ምክንያት እስኪሆን ድረስ አደገ። በ1963 በሎስ አንጀለስ የተካሄደው የሰሜን አሜሪካው ማኅበር 19ኛ ጉባኤ በመከፋፈል ነው የሚታወሰው።

የጥናት ክበብና ሕዋስ ምንድን ናቸው?

የጥናት ክበብ ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተገናኝተው አንድ ጽሑፍ የሚያነቡበትና የሚወያዩበት ነው። በመልኩ ከሰፈር ጽዋ ማኅበር ብዙም አይርቅም፤ ቤት ይዞራል፣ አባል ይመረጣል። በክበቡ የታመነበት ሰው ወደ ሕዋስ ይገባል። ሕዋስ የኅቡዕ ድርጅት ትንሿ ክፍል ናት። አባላቱ የሚተዋወቁት በሽፋን ስም ነው፤ ወደ ላይ የሚያገናኛቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፦ አንዱ ተይዞ ቢገረፍ ሊናገር የሚችለው የሚያውቃቸውን ጥቂቶች ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ሁለት ብልሽት አለው። አንደኛ፣ አገናኙ ከተያዘ ወይም ከተገደለ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይቆረጣሉ። ድርጅቱ እንዳለ ነው፣ እነሱ ግን ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። በ1969 እና በ1970 በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የደረሰባቸው ይህ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ አባል መሪውን ካላወቀ መሪውን መሻር አይችልም። በተማሪ ማኅበር ፕሬዚዳንቱን በድምፅ የሚያወርደው ተማሪ፣ ኅቡዕ ድርጅት ውስጥ ሲገባ ትእዛዝ ተቀባይ ሆነ። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በጉባኤ የሚያሸንፍበት ወይም የሚሸነፍበት ቦታ ስላልነበረው “አንጃ” የሚል ስም ተሰጠው። አንጃ ማለት በመዝገበ ቃላቱ ከዋናው ተነጥሎ የቆመ ቡድን ነው፤ በዚያ ዘመን ግን በሰው ላይ የሞት ፍርድ ሊያመጣ የሚችል ቃል ነበር።

የካቲት 66 ሲመጣ ተማሪው ምን አገኘ?

በየካቲት 1966 የታክሲ ነጂዎች፣ የመምህራንና የወታደሮች አቤቱታ በአንድ ላይ ፈነዳ። አብዮቱን ያቀጣጠለው የተማሪ ድርጅት አይደለም፤ ድርጅቶቹ ገና ትንንሽ ነበሩ፣ መሪዎቻቸውም አብዛኛዎቹ ውጭ አገር ነበሩ። ተማሪው የሰጠው መፈክሩን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ሥልጣኑን ደርግ ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ያለው በጣም ፈጠነ። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ከአርቃቂዎቹ ዋነኛ ተደርገው የሚጠቀሱት የሕግ ባለሙያው ዘገየ አስፋው ናቸው። አዋጁ የጭሰኝነትን ግንኙነት ሻረ፣ መሬት መሸጥና ማከራየት ከለከለ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም አዘዘ። 800 ሄክታር 20 ጋሻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ተማሪው አሥር ዓመት ሙሉ የጮኸለት ጥያቄ ተመለሰ፤ ግን የመለሰው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወታደሩ መፈክሩን ወስዶ ሕግ አደረገው፣ ዘማቹን ተማሪ ደግሞ የሕጉ አስፈጻሚ አድርጎ ላከው። ዘማቹ ገበሬውን ማደራጀት፣ ከባላባት ጋር መጋፈጥ፣ ከአካባቢው ፖሊስና አስተዳደር ጋር መጋጨት ነበረበት። ብዙዎች ዘመቻው ሳያልቅ ትተው ተመለሱ፤ ብዙዎቹም በቀጥታ ወደ ኅቡዕ ድርጅት ገቡ። ዋናው ጥያቄው የተመለሰለት የተማሪ እንቅስቃሴ ከዚያ በኋላ አንድ ጉዳይ ብቻ ቀረው፦ ሥልጣኑ የማን ይሁን?

መኢሶንና ኢሕአፓ የተጣሉት በምን ነበር?

ሁለቱም ማርክሲስት ነበሩ። ሁለቱም መሬት ላራሹን፣ የብሔረሰቦችን መብትና ሶሻሊዝምን ይላሉ። የተለያዩት ደርግን በሚመለከት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ እንዳለን እናስብ። ሹፌሩ መሪውን የያዘው ማንም ሳይፈቅድለት ነው፤ መንገዱንም አያውቀውም፤ ነገር ግን ሽጉጥ አለው። አንዱ ተሳፋሪ፣ “አጠገቡ እንቀመጥና መንገዱን እናሳየው፤ እስከዚያ ተሳፋሪውን እናደራጅ” ይላል። ይህ መኢሶን ነው፤ አቋሙንም “ሂሳዊ ድጋፍ” ብሎ ጠራው። ሌላው፣ “መሪውን አሁኑኑ ይልቀቅ፤ አጠገቡ የተቀመጠም ተባባሪው ነው” ይላል። ይህ ኢሕአፓ ነው፤ ጥያቄው “ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት” ነበር።

ኃይሌ ፊዳ በ1967 ወደ አገር ቤት ተመለሰ። በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ፣ ሥራውን እንዲያስፈጽም የተቋቋመውን የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት መራ። ጽሕፈት ቤቱ ካድሬ ያሠለጥናል፣ ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ውስጥ ፖለቲካ ያስተምራል። መኢሶን በዚህ በኩል ሕዝቡን እደርሳለሁ ብሎ አሰበ። ደርግም በበኩሉ ከእነሱ ድርጅት እንዴት እንደሚቋቋም ተማረ፤ መኮንኖቹ አብዮታዊ ሰደድ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ። አስተማሪ የሚያስፈልገው ተማሪው እስኪያውቅ ድረስ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ መኢሶንን የሚያኖረው ምክንያት አልነበረም።

ክርክሩ ወደ ጥይት የተለወጠው እንዴት ነው?

በመስከረም 1969 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። በዚያው ወር የመኢሶን አባል የነበረው ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ኢሕአፓ በከተማ ባለሥልጣናትንና ካድሬዎችን መግደል ጀመረ፤ ደርግና አጋሮቹ አሰሳ፣ እስራትና ግድያ አስከተሉ። ጥር 26 ቀን 1969 መንግሥቱ በቤተ መንግሥት ተፎካካሪዎቹን ገደለ። በዚያው ዕለት ወዝ ሊግ የተባለው ማርክሲስት ድርጅት መሪ ሰናይ ልኬ ሞተ፤ እሱም የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ነው። በሚያዝያ መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ቀለም የሞላበትን ጠርሙስ ሰባበረ። በሜይ ዴይ ዋዜማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ።

ጥፋቱን የደርግ ጭካኔ ብቻ አድርጎ መተው እውነቱን ያሳጥረዋል፤ የደርግን ጭካኔ ማሳነስም ሐሰት ነው። መሣሪያውም፣ እስር ቤቱም፣ አዋጁም በመንግሥት እጅ ነበር፤ በጅምላ የገደለውም እሱ ነው። ነገር ግን ድርጅቶቹ አንዱ ሌላውን “ባንዳ”፣ “ፋሺስት”፣ “አድኃሪ” እያሉ በየወረቀታቸው ሲጽፉ ኖረዋል፤ ኢሕአፓ በ“ዴሞክራሲያ”፣ መኢሶን በ“የሰፊው ሕዝብ ድምፅ”። በተማሪ አዳራሽ ውስጥ “አድኃሪ” መባል ድምፅ ያሳጣል። ቀበሌ ጠመንጃ በያዘበት ከተማ ያው ቃል ሕይወት ያሳጣል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከኋላው የቆመው ነገር ነው።

ብርሃነ መስቀል ይህን ካዩት አንዱ ነው። ከሌላው የኢሕአፓ መሪ ከጌታቸው ማሩ ጋር ሆኖ የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃወመ። ሁለቱም አንጃ ተባሉ። ጌታቸው በገዛ ድርጅቱ እጅ ተይዞ በ1969 ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ወደ መርሐ ቤቴ ሸሽቶ የራሱን የገጠር ትግል ሞከረ፣ በኋላ በመንግሥት ተያዘ። መኢሶን በበኩሉ በነሐሴ 1969 ከደርግ ጋር ያለውን ትብብር አቋርጦ ኅቡዕ ገባ። ጊዜው አልፎ ነበር፤ አባላቱ በይፋ ሲሠሩ ስለቆዩ ፊታቸው፣ ስማቸውና ቤታቸው ይታወቃል። ኃይሌ ፊዳ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። በ1971 ሁለቱም በደርግ ተገደሉ።

ታዲያ ሥልጣን ላይ የደረሰ የለም?

አለ፤ በሌላ በር። ኢሳያስ አፈወርቂ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለአጭር ጊዜ ተምረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ኤርትራ ትግል ሄዱ። መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ የካቲት 11 ቀን 1967 በደደቢት የተጀመረውን ሕወሓትን ተቀላቀሉ፤ በ1983 አዲስ አበባ ገቡ። እነዚህ ከከተማ ርቀው ሠራዊት ስለገነቡ የከተማው እልቂት አላጠፋቸውም። የተማሪውን የጥናት ክበብ፣ ግምገማና ምስጢራዊነት ግን ይዘው ሄዱ፤ ወደ መንግሥት ሲመጡም ይዘውት መጡ።

ሁለቱ ትልልቅ የተማሪ ጥያቄዎች ዛሬም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል። አንቀጽ 39 የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን መብት እስከ መገንጠል ይደነግጋል። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ዋለልኝ መኮንን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለውም በኅዳር 29 ነበር፤ በ1965።

የዚያን ዘመን ሰው ታሪክ ስናነብ የሚያሳስተን ምንድን ነው?

አንደኛው አቆጣጠሩ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከፈረንጆቹ ጋር ያለን ልዩነት 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8 ነው፤ መለወጫው ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ይውላል። የጥላሁን ሞት በእነሱ 1969 ነው፣ ስምንት ቀንሶ 1961 የሚጽፍ ሰው አንድ ዓመት ይስታል። በተቃራኒው “የ1966 አብዮት” እና “ንጉሡ የወረዱበት 1967” ሲባል አንድ ዓመት ያለፈ ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለው ሰባት ወር ገደማ ነው።

ሁለተኛው የድርጅት ስም ነው። በበርሊን የተመሠረተው ድርጅት በመጀመሪያ “ነፃ አውጪ ድርጅት” ይባል ነበር፤ ኢሕአፓ በሚለው ስም ፕሮግራሙን ይፋ ያደረገው በነሐሴ 1967 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው “በ1965 የኢሕአፓ አባል ነበርኩ” ቢል ዋሸ ማለት አይደለም፤ ኋላ የወጣውን ስም ወደ ቀደመው ጊዜ መልሶ እየተጠቀመ ነው። “በ1964 ኢሕአፓን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም” የሚል ጽሑፍ ግን ሊታመን አይገባም፤ ድርጅቱ ምስጢር ነበር፣ ስሙም ገና አልወጣም።

ሦስተኛው፣ ሰውየው በየካቲት 1966 የት ነበር የሚለው ነው። ግቢ ውስጥ፣ እስር ቤት፣ አውሮፓ፣ ወይስ በረሃ? ብዙውን ጊዜ በኋላ የያዘውን አቋም ከርዕዮተ ዓለሙ ይልቅ የሚያስረዳው ይህ ነው። ኃይሌ ፊዳ ፈረንሳይ ነበር። ብርሃነ መስቀልም ከጠለፋው ወዲህ ስደት ላይ ነበር። “መሬት ላራሹ” ሕግ ሲሆን አገር ቤት ሆኖ ወደ ገጠር የወረደው፣ የሁለቱንም ስም ገና ያልሰማ ዘማች ነው።